ሠላሳ ሰባተኛው ፓምፕ

አንዱን ፓምፕ ዐሥራ ሦስት ጊዜ ፈትቶ የገጠመ፣ በዚያው አዳራሽ መጨረሻ ላይ የቆመውን ሌላውን ግን አንድም ጊዜ ያልፈታ ሠራተኛ ሰነፍ ይባላል ወይስ ትጉህ? ይህን ጥያቄ ወደ አገሬ በተመለስኩ በሦስተኛው ሳምንት ራሴን ጠየቅኩ። መልሱን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

የተማርኩት በሩቅ አገር ነው። እዚያ ስምንት ዓመት የሠራሁበት የአቶም ኃይል ጣቢያ ሰልቺ ቦታ ነበር። የጥገናውን ዕቅድ ያወጣው ሰው እኔ ከመቀጠሬ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሞቷል። ከዚያ ወዲህ መንግሥት አራት ጊዜ ተለውጧል። ዕቅዱ ግን ያው ነው፤ ማክሰኞ የሚታየው ማክሰኞ ይታያል፣ በስድስት ዓመት አንዴ የሚፈታው በስድስተኛው ዓመት ይፈታል። ጣቢያው ከመቶ ቀን ዘጠና ሁለቱን ሳይቆም መብራት ይሰጥ ነበር። የኃላፊውን ስም ብትጠይቁኝ አላውቀውም፤ የሚያውቀውም አላጋጠመኝም። ሰው እንዴት እንዲህ ሆኖ ይኖራል እያልኩ ስምንቱን ዓመት ስቁነጠነጥ ቆይቼ፣ ዕቃዬን ጠቅልዬ መጣሁ። አገሬ ሌላ ሌላ ነገር ቢጎድላትም ሰልቺ አይደለችም ብዬ ነበር። በዚህ እንኳ አልተሳሳትኩም።

የእኛ ጣቢያ ከሐይቁ ዳር፣ ከከተማው ከፍ ብሎ የተሠራ ነው። መሐሉ ላይ ሠራተኞቹ "እቶን" የሚሉት ትልቅ የብረት ጋን አለ፤ አቶም እየተሰነጠቀ ውሃ የሚያፈላው እዚያ ውስጥ ነው። ስለ እቶን አንድ ነገር ብቻ ማወቅ ይበቃል። ቢያጠፉትም አይበርድም። ለብዙ ቀናት ውሃ እየተገፋ ካልገባለት በገዛ ሙቀቱ ይቀልጣል፤ እሱ የቀለጠ ዕለት ደግሞ ከታች ያለው ከተማ ሰው የሚኖርበት መሆኑ ይቀራል። ውሃውን የሚገፉለት ሠላሳ ሰባት ፓምፖች ናቸው። ሠላሳ ስድስቱ በረጅሙ አዳራሽ ተደርድረዋል። ሠላሳ ሰባተኛው ለብቻው ወፍራም በር ባለው ክፍል ውስጥ ነው ያለው። በዘወትር አይሠራም። ሌሎቹ በሙሉ የቆሙ ዕለት ያለ ኤሌክትሪክ በእጅ እንዲነሣ የተቀመጠ፣ ከእሱ በኋላ ሌላ የሌለው ፓምፕ ነው።

የጣቢያው ሹም "ባለአቅጣጫ" ይባላል። ማንም ባለአቅጣጫ ያለ አቅጣጫ አይሾምም። አዲስ ሹም በገባበት ዕለት ሦስት ነገር ይደረጋል። አዳራሹና በውስጡ ያለው ሁሉ እሱ በመረጠው ቀለም ይቀባል። የቀድሞው ሹም የጥገና መዝገብ በገመድ ታስሮ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ከዚያም አዲስ መዝገብ ተከፍቶ ጥገናው ከቁጥር አንድ ይጀመራል።

መጀመሪያ የሰማሁት ነገር በትክክል የገባኝ አልመሰለኝም። መዝገብ ቤት ሄጄ ወይዘሮ የሻረግን ጠየቅኳቸው።

«ከቆመበት ለምን አይቀጥልም?»

«የማን መዝገብ ነው የሚቀጥለው?»

«የጣቢያው ነዋ።»

«ጣቢያው መዝገብ የለውም ልጄ። መዝገብ ያለው ባለአቅጣጫው ነው። በሰው መዝገብ ላይ መጻፍ ደግሞ ነውር ነው። ውጭ አገር ቆይተሽ ረስተሽው ነው እንጂ ይኼ ይጠፋሽ ነበር?»

መደርደሪያው ላይ የታሰሩትን ቆጠርኩ። ዐሥራ ሁለት ናቸው። ጣቢያው ከተሠራ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው። አንድ ፓምፕ ፈትቶ፣ አጽድቶ፣ ያረጀውን ለውጦ ለመግጠም ዐሥራ አምስት ቀን ይፈጃል። ከሁሉም ረጅም ዕድሜ ያገኘው ባለአቅጣጫ ሃያ ዘጠነኛው ፓምፕ ላይ ደርሶ ተነሥቷል። አጭሩ አራተኛው ላይ። ወይዘሮ የሻረግ ጠረጴዛ ላይ የተከፈተው ዐሥራ ሦስተኛው መዝገብ ቁጥር ዐሥራ ዘጠኝን ይላል። ሒሳቡን ሁለት ጊዜ ሠራሁት። ከቁጥር ሠላሳ ጀምሮ ያሉት ስምንት ፓምፖች ከተተከሉ ጀምሮ የሰው እጅ ገብቶባቸው አያውቅም።

ወረቀት አላምንም። ሄጄ ማየት ነበረብኝ።

ፓምፖቹን ያሳዩኝ የመካኒኮቹ አለቃ ጋሽ ድንበሩ ናቸው፤ ጣቢያው ሲተከል ጀምሮ የነበሩ፣ ረጅም፣ ቱታቸው ሁልጊዜ ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ የሚቀር ሰው። ቁጥር አንድ ያብረቀርቃል። ሠራተኛው "ሙሽራው" ይለዋል።

«ቆንጆ ነው» አልኩ።

«ቆንጆስ ቆንጆ ነው። ንኪው እስቲ ብሎኑን።»

ነካሁት። ጥርሱ አልቋል። ብዙ ጊዜ ከመፈታቱ የተነሣ ብሎኑ ቀዳዳው ውስጥ ይወዛወዛል።

«ይኼ በጥገና ብዛት ነው የታመመው» አሉኝ። «ሐኪም ቤት ተኝቶ እንደሚከርም ሀብታም።»

ከዚያ የወፍራሙን በር ከፍተው ሠላሳ ሰባተኛውን አሳዩኝ። መጀመሪያ ምን እንደማይ አላወቅኩም። ፓምፕ ሳይሆን የፓምፕ ቅርጽ ያለው ድፍን ነገር ነበር። ጋሽ ድንበሩ በጥፍራቸው ጫፉን ፈቀፈቅ አደረጉት። ሰማያዊ፣ ከሥሩ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ክሬም፣ ከሥሩ ግራጫ። ዐሥራ ሦስት ጊዜ ተቀብቷል። ቀለም መቀባት በተራ አይደለም፤ ለሁሉም ነው የሚደርሰው።

«ብሎኖቹስ?»

«ይቺ ጉብ ጉብ ያለችው ሁሉ ብሎን ናት።»

«ጋሼ፣ ይህ ፓምፕ ይሠራል?»

«ሲተከል ሠርቷል።»

«ከዚያ ወዲህስ?»

«ከዚያ ወዲህ እኔም ጥርሴ ረግፏል፤ ማን ጠየቀኝ?»

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ቱታዬ አዲስ ነበር፤ እሱን እንኳ አላሰብኩም። በሩ ላይ በብርጭቆ የተሸፈነ ወረቀት ተለጥፏል። "ሌሎቹ በቆሙ ጊዜ ይህን ፓምፕ የሚያስነሣው፦ ድንበሩ አያሌው" ይላል። ሌላ ስም የለበትም።

«እንፍታው፣ አሁኑኑ» አልኩ።

«በምን? ዕቃ ግምጃ ቤቱ መፍቻም ሆነ ኩሽኔታ የሚሰጠው መዝገቡ ላይ ለደረሰው ቁጥር ብቻ ነው። ያለ ተራው የከፈተ ደግሞ "ተራ ዘላይ" ተብሎ ይባረራል። አንድ ልጅ ሞክሮት ነበር፤ አሁን በግ ይነግዳል። ደልቶታል ይላሉ።» ወደ ፓምፑ ዞሩ። «ጡረታ ልወጣ አንድ ዓመት ቀርቶኛል። ከመውጣቴ በፊት ይችን አንዴ ፈትቼ ሆዷን ባየው ሌላ ነገር አልፈልግም። በስሜ የተጻፈች ናት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም የምፈልገው ይህንኑ ብቻ ሆነ።

ጣቢያው በዚያን ጊዜ ከመቶ ቀን አርባ አንዱን ነበር የሚሠራው። ሹም የሚሾመው የላይኛው ሸንጎ ይህን አሳምሮ ያውቀዋል። በየጊዜው ተሰብስቦ ምክንያቱን ይመረምራል፣ ሁልጊዜም አንድ ነገር ያገኛል፦ አቅጣጫው ትክክል አልነበረም። ስለዚህ ይለውጠዋል። የዐሥረኛው ባለአቅጣጫ አቅጣጫ ፍጥነት ነበር፤ ሠራተኛው ሁሉ እየሮጠ እንዲሠራ ታዘዘ። የዐሥራ አንደኛው ጥንቃቄ ሆነ፤ በዐሥረኛው ጊዜ የሮጡት ሁሉ ተቀጡ። እኔም የተማረ ሰው ነኝና አንድ ዘገባ ጽፌ ለሸንጎው ሰደድኩ። ጣቢያው የሚቆመው መዝገቡ ስለሚቋረጥ ነው፣ መዝገቡ የሚቋረጠው ሹም ስለሚለወጥ ነው፣ ሹም የሚለወጠው ደግሞ ጣቢያው ስለሚቆም ነው አልኩ። በሳምንቱ መልስ መጣልኝ። ጥሩ ዘገባ እንደሆነ፣ በአሁኑ ባለአቅጣጫ ላይ ያቀረብኩት ቅሬታ በጥሞና እንደሚታይ ይገልጻል።

ደብዳቤውን ይዤ በየቢሮው ሮጥኩ። ቅሬታ እንዳላቀረብኩ የሚያስረዳ ሌላ ደብዳቤ እስኪቀበሉኝ ድረስ ምግብ አልበላሁም።

ዐሥራ ሦስተኛው ባለአቅጣጫ አቶ ላቀው ይባላሉ። አቅጣጫቸው ዝምታ ነበር። መሣሪያ የሚበላሸው ሰው ስለሚጮኽበት ነው ብለው ያምናሉ። አዳራሹ ውስጥ ማውራት ክልክል ነው። እሳቸው ራሳቸው በካልሲ ነበር የሚሄዱት፤ ስንት ጊዜ ከጀርባዬ ቆመው አግኝቻቸው ደንግጫለሁ። ቢሯቸው ስገባ በሹክሹክታ አነጋገሩኝ።

«የውጭ አገር ትምህርትሽ ስለ ዝምታ ምን ይላል?»

«ምንም አይልም፣ ጌታዬ።»

«ትክክል ነው» አሉ፣ በጣም ደስ ብሏቸው።

ሞኝ መሰሉኝ። ይህንኑ ግቢው ውስጥ ለጋሽ ድንበሩ ነገርኳቸው። በዚያ ምሽት ግን ሒሳቡን እንደገና ሠራሁት። ዐሥራ ዘጠነኛው ላይ ነን። ሠላሳ ሰባተኛው ላይ ለመድረስ ዘጠኝ ወር ያስፈልጋል። እኚህ ሰው ዘጠኝ ወር ከቆዩ ፓምፑ ይከፈታል። ከሄዱ አይከፈትም። ዝምታ ትክክል ይሁን ስሕተት ለውጥ አያመጣም።

ስለዚህ የማላምንበትን ማድረግ ጀመርኩ። በየሳምንቱ ለላይኛው ሸንጎ አንድ የምስጋና ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ ሠራተኛው ይፈርምበታል። የአቶ ላቀውን አርቆ አስተዋይነት፣ የአረማመዳቸውን ለስላሳነት ሳይቀር ጻፍኩ።

«ዘርፌ» አሉኝ ጋሽ ድንበሩ፣ ሲፈርሙ። «ሰኞ ሞኝ ያልሻቸው ሰውዬ ዐርብ "አባታችን" ሆኑ?»

«ይቆዩልን፣ ጋሼ። ሞኝም ቢሆኑ ይቆዩ።»

«ለዚህ ነው ባሕር ማዶ የተማርሽው?»

«ለዚህ አይደለም።»

«በይ ወዲህ በይው፤ "አባታችን" የሚለውን ግን አስምሪበት።»

ወራቱ ሄዱ፤ አቶ ላቀው አልተነሡም። ያኔ ያልጠበቅኩትን ነገር ማየት ጀመርኩ። ሃያ አራተኛው ፓምፕ ጋ ስንደርስ ጋሽ ድንበሩ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙን። አዳራሹ ጸጥ ያለ ነበርና ከሃያ ስምንተኛው ፓምፕ ውስጥ ቀጭን ድምፅ ተሰማቸው፤ የኩሽኔታ ጩኸት ነው። በቀደመው ዘመን፣ ሁሉም እየሮጠ ወይም እየተቀጣ ሳለ፣ ማንም አይሰማውም ነበር። ተራው እስኪደርስ ግራሶ እያጠጡ አቆዩት፣ ሳይሰበር ደረሱበት። ሠራተኛው ማን የት እንደሚቆም፣ የትኛው መፍቻ የማን እንደሆነ ያለ ንግግር ለመደ። የዝምታው አቅጣጫ የሞኝ ሐሳብ ነበር፤ አሁንም ሐሳቤን አልቀየርኩም። ነገር ግን ቆየ። ሲቆይ ሰው በዙሪያው መሥራት ቻለ። ጣቢያው ከመቶ ቀን አርባ አንዱን ይሠራ የነበረው አምሳ አምስት፣ ከዚያም ሰባ ስምንት ደረሰ። ይህን ያህል ዘመን የተማርኩት ከአንድ ሰው ካልሲ ያነሰ ዋጋ ያለው መስሎኝ ለተወሰኑ ቀናት ራሴን አልወደድኩትም።

ሠላሳ አምስተኛውን ገጥመን በጨረስንበት ማግስት ሠራተኛው በሙሉ ግቢ እንዲሰበሰብ ተጠራ። የላይኛው ሸንጎ ተወካይ መድረክ ላይ ወጥቶ ወረቀት ዘረጋ። ጣቢያው ታይቶ የማይታወቅ ውጤት ማስመዝገቡን አነበበ። ለዚህም ምስክር የሚሆኑ ሠላሳ አንድ ደብዳቤዎች ከሠራተኛው መቅረባቸውን አነበበ። ከደብዳቤዎቹም የተመረጡትን ዐረፍተ ነገሮች አነበበ። የእኔ ነበሩ፤ "የአረማመዳቸው ለስላሳነት" የሚለው ሳይቀር። በመጨረሻም ይህን የመሰለ ሰው በአንድ ጣቢያ ተወስኖ መቅረት እንደማይገባው፣ አቶ ላቀው ከዛሬ ጀምሮ ለአገሪቱ ጣቢያዎች ሁሉ አቅጣጫ እንዲሰጡ ወደ ዋናው ከተማ መዛወራቸውን አነበበ።

ሠራተኛው አጨበጨበ። ዝምታ ማብቃቱ ገብቶታል መሰለኝ፣ በጣም ነው ያጨበጨበው።

ጋሽ ድንበሩ ከጎኔ ቆመው ጫማቸውን ያያሉ።

«ጥሩ ጽፈሽ ነበር» አሉኝ።

አቶ ላቀውን ቢሯቸው አገኘኋቸው። ጫማ እያሰሩ ነበር። ሲናገሩ ደነገጥኩ፤ ለካ ድምፃቸው ጎርናና ነው።

«ሠላሳ ቀን ብቻ ይቆዩልን» አልኳቸው። «ሁለት ፓምፕ ነው የቀረው። ሠላሳ ሰባተኛው ከተተከለ አልተፈታም።»

«ሠላሳ ሰባተኛው የትኛው ነው?»

ነገርኳቸው።

«እኔ ሠላሳ ስድስት ይመስሉኝ ነበር» አሉ። «ግድ የለም፣ የሚተኩኝ ሰው ጎበዝ ናቸው።»

መዝገብ ቤት ስደርስ ወይዘሮ የሻረግ ገመዱን ሁለተኛ ዙር እያዞሩ ነበር። እጃቸውን ያዝኩት። ቀስ ብለው አስለቀቁኝ።

«እኔም ከተማ ውስጥ ነው ቤቴ» አሉኝ። «ልጆቼም እዚያው ናቸው። የማላውቅ እንዳይመስልሽ።» ከዚያም ቋጠሩት።

ዐሥራ አራተኛዋ ባለአቅጣጫ ወይዘሮ አስካለ ናቸው። አቅጣጫቸው ማስረዳት ነው። ሠራተኛ ማንኛውንም ሥራ ሲሠራ የሚሠራውን ጮክ ብሎ ማስረዳት አለበት። ቀለማቸው ብርቱካናማ ነው። አዳራሹ ተቀባ፣ የወፍራሙ በር ክፍልም ተቀባ፣ መዝገቡ ተከፈተ፣ ሙሽራው ዐሥራ አራተኛ ጊዜ ተፈታ።

«አሁን ብሎን እየፈታሁ ነው» ይላል አንዱ።

«አሁን ብሎኑን እየተቀበልኩ ነው» ይላል ሌላው።

«አሁን ብሎኑ ጥርስ እንደሌለው እያየሁ ነው» አሉ ጋሽ ድንበሩ፣ ከሁሉም በላይ ጮክ ብለው። ወይዘሮ አስካለ አጠራራቸው ግልጽ መሆኑን አመሰገኑ። አዲስ ብሎን ግን የለም፤ ዐሥራ ሦስቱ ሹሞች የቁጥር አንድን መለዋወጫ ጨርሰውታል። ያንኑ መልሰው አጠበቁት።

ሦስት ሳምንት ቆየ። ሐሙስ ጠዋት፣ ሥራ እንደገባን፣ ቁጥር አንድ ክዳኑን ወረወረ። የፈላ ውሃ አዳራሹን አቋርጦ የኤሌክትሪክ ሰሌዳዎቹ ያሉበት ክፍል ገባ። ፓምፖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። እቶኑ በራሱ ጠፋ፤ ያ እንደታቀደው ሠራ። ከጠፋ በኋላ ግን የሚያቀዘቅዘው ውሃ የሚገፋ አንድም ፓምፕ አልነበረም። በድምፅ ማጉያው የወይዘሮ አስካለ ድምፅ መጣ። «አሁን ችግር ውስጥ እየገባን ነው» አሉ። አቅጣጫቸውን እስከ መጨረሻው የጠበቁ ሰው ናቸው።

ጋሽ ድንበሩን ወፍራሙ በር ላይ ደረስኩባቸው። መዶሻና መሮ ይዘዋል። ጡረታቸው ሦስት ወር ቀርቶታል።

«አብሬዎት ልግባ።»

«በሩ ላይ የማን ስም ነው ያለው?»

«የእርስዎ።»

«እንግዲያው አታጨናንቂኝ። አንቺ መቆጣጠሪያ ክፍል ሂጂና የውሃውን መለኪያ እይልኝ። እዚህ ውስጥ ሆኜ ውሃው እቶኑ ጋ ይድረስ አይድረስ አላውቅም። ሲደርስ በስልክ ጻፊልኝ፤ ድምፅ አይሰማኝም።» መሮውን ወደ ጉያቸው አስገቡ። «ተራ ዘለልክ ብለው እንዳያባርሩኝ ብቻ።»

በሩ ተዘጋ።

መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ። ማንም ምንም አላስረዳም። የሙቀቱ መርፌ ይወጣል፣ የውሃው መርፌ ዜሮ ላይ ተኝቷል። በመስኮቱ ቁልቁል ከተማው ይታያል። መብራት ስለጠፋ ሰዎች ከየሱቁ ወጥተው በር ላይ ቆመዋል፤ ለእነሱ ዘወትር የሚያዩት ነገር ነው። አንዲት ሴት ምንጣፍ ታራግፋለች።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ስልኬ ተንቀጠቀጠ። "ብሎኖቹን አገኘኋቸው" ይላል።

ከዚያ፦ "ሞተሯ ተነሣች። ታስላለች።"

የሙቀቱ መርፌ ቀዩ መስመር ውስጥ ገባ። አንዱ ሠራተኛ ለቤተሰቡ ሊደውል ስልኩን አውጥቶ፣ ምን እንደሚል ጠፍቶት መልሶ ከተተው።

"የውሃ መያዣ ላስቲኳ ደርቆ ተሰንጥቋል። እንፋሎት ክፍሉን እየሞላው ነው። የውሃ መክፈቻው መዘውር ውሃው እቶኑ ጋ እስኪደርስ ካልተያዘ ይመለሳል፣ ይዤዋለሁ። ደረሰ?"

የውሃው መርፌ ተኝቷል። "ገና ነው" ብዬ ጻፍኩ።

"እሺ" አሉኝ።

ስድስት ደቂቃ አለፈ። መርፌው በመጀመሪያ የተንቀሳቀሰ አልመሰለኝም፤ ዓይኔን ተጠራጥሬ ብርጭቆውን በጣቴ መታሁት። ከዚያ ከዜሮው ተላቀቀ። ወደ ላይ ሄደ። የሙቀቱ መርፌ ቆመ፣ ትንሽ ቆይቶም ከቀዩ መስመር ወደ ኋላ ተመለሰ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከዐሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ ጻፍኩላቸው።

"ጋሼ፣ ውሃው ደርሷል። እየሠራ ነው። መዘውሩን ይልቀቁትና ይውጡ።"

መልእክቱ መድረሱን የሚያሳየው ምልክት ወዲያው ታየ። መልስ ግን እስከ ዛሬ አልመጣበትም።